ያልተነካው ጎማ

ጋሼ መጋዘን በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው ካጡ ቆይተዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ መጋዘኑ ግን ከእሳቸው አልወጣም። ቀበቷቸው ላይ ዘወትር የቁልፍ ዘለላ ይንጠለጠላል። የሳሎናቸው ሶፋ ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ እስካሁን አልተገፈፈም፤ እንግዳ በተነቃነቀ ቁጥር ስለሚንኮሻኮሽ ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚቀመጥበት። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ደርዘን ብርጭቆ ተደርድሯል፤ ቤተሰቡ ግን ውሃ የሚጠጣው በፕላስቲክ ኩባያ ነው። ብርጭቆው ለደህና ቀን የተቀመጠ ነው። ደህናው ቀን መቼ እንደሚውል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

“እኔንም ያኔ በላስቲክ ጠቅልለህ ብታስቀምጠኝ ኖሮ ይኼኔ አላረጅም ነበር” ይሏቸዋል ባለቤታቸው፤ ጎረቤት ይስቃል፣ ጋሼ መጋዘንም አብረው ይስቃሉ። እናንተም ሳቁ። ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ክው የሚለው በኋላ ነው። ደግሞስ ከመካከላችን አንድ ያልተነካ ዕቃ ቆልፎ የማያስቀምጥ ማን አለ?

ከሶፋውም ከብርጭቆውም አብልጠው የሚሳሱላቸው አራት ጎማዎች ነበሩ። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ጎማ ከገበያ በጠፋበት ሰሞን አንድ አስመጪ ወዳጃቸው በመከራ ያገኘላቸው ናቸው። ያን ጊዜ አንዲት ትንሽ መኪና ነበረቻቸው። አዲሶቹ ጎማዎች ቤት ሲገቡ፣ መኪናዋ ላይ ያሉት አሮጌዎቹ “ገና ይሄዳሉ” ተባለና አዲሶቹ ጓዳ ተቆለፈባቸው። ከጊዜ በኋላ መኪናዋ ተሸጠች፤ ጎማዎቹ አልተሸጡም። የቆርቆሮ ጣሪያው በፀሐይ በሚግልበት ጓዳ ውስጥ ተደራርበው ኖሩ። ጋሼ በየስድስት ወሩ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ያዛውራሉ። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ይወለውሏቸዋል። ጥቁረታቸው ያብረቀርቃል፤ ከፋብሪካ ሲወጡ የሚኖራቸው ቀጫጭን የላስቲክ ጢም እንኳን አልረገፈም።

“ያልተነካ ዕቃ አያረጅም” ነበር የጋሼ እምነት። ማንም ተከራክሯቸው አያውቅም፤ ስለ ዕቃ ከጋሼ መጋዘን ጋር የሚከራከር ሞኝ ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ አርባ ደቂቃ በሚያስኬድ መንገድ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ምጥ ቀጠሮ አያውቅምና እንደ ልቧ ለመመላለስ ብላ አሮጌ ግን ደህና የተያዘች መኪና ገዝታለች። የዚያች መኪና ጎማ ጥርሱ አልቆ ሊሾ ሆነ። አንድ ዝናባማ ጠዋት ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ተንሸራትታ ከአንድ የእንጨት አጥር ስር ቆመች። ልጅቱ በዚያው ቀን ደንግጣ አዲስ ጎማ ለመግዛት ወሰነች። የጎማውን ልክ ከጎኑ ላይ አንብባ በቁራሽ ወረቀት ጻፈች፤ ወረቀቷንም ምሳ ስትበላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት።

ጋሼ መጋዘን ወረቀቷን አነሡና መነጽራቸውን አደረጉ። ልኩ ጓዳ ካሉት ጎማዎች ጋር ቁጥር ለቁጥር አንድ ነው። ምሳቸውን ትተው ተነሡ፤ ጓዳውን ከፈቱ፤ አራቱንም ጎማዎች እያንከባለሉ ሳሎን ድረስ አመጡ። ባለቤታቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሰውዬው ከዚያ ጓዳ አንድ ሚስማር እንኳን ለሰው አውጥተው ሲሰጡ አይታዩም ነበር።

“ለደህና ቀን ያስቀመጥኳቸው ናቸው” አሉ ጋሼ። “ደህና ቀኔ አንቺ ነሽ፤ ውሰጂ።”

ልጅቱ እንባዋ መጣ። አባቷ እንደሚወዷት ታውቃለች፤ እንዲህ ብለው ሲናገሩ ግን ሰምታ አታውቅም። አቅፋ ሳመቻቸው። ትንሽ ቆይታ ግን የሥራዋ ጠባይ ነውና ጥንቃቄው መጣባት። ጎማዎቹ ብዙ ጊዜ ስለቆዩ፣ ከመገጠማቸው በፊት መስቀለኛው መንገድ ጋ ያለችው ጎሚስታ እንድታያቸው ለመነቻቸው። ጋሼም ተስማሙ። በማግስቱ እሷ በጤና ጣቢያው ሰርቪስ ሥራዋ ስትሄድ፣ እሳቸው ጎማዎቹን መኪናዋ ላይ ጭነው ወደ ጎሚስታዋ ነዱ።

ጎሚስታዋ ክንደ ብርቱ ሴት ናት። ባሏ ሲሞት ሱቁን ተረክባ የወንዶቹን ሁሉ ደንበኛ የወሰደች፣ ዓመት ሙሉ ከአየር መሙያው ጩኸት ጋር እየተፎካከረች ስለምታወራ ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ ቀልድ የማያልቅባት። ጎማዎቹን ስታይ መጀመሪያ አደነቀች። ከዚያ አንዱን አጋድማ ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችና ጎንበስ ብላ አየች። ቀልዱ ከፊቷ ጠፋ።

“አባባ፣ እነዚህ ስንት ዓመታቸው ነው?”

“አዲስ ናቸው። መሬት ረግጠው አያውቁም።”

“መርገጣቸውን አልጠየቅኩም፤ ዕድሜያቸውን ነው።”

ጠመኔ አንሥታ ጎማው ጎን ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ የተቀረጹትን አራት ቁጥሮች አደመቀቻቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው በዓመቱ በስንተኛው ሳምንት እንደተሠራ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን እንደሚናገሩ አስረዳቻቸው። በጣቷ እየቆጠረች አሰላችና “የመጨረሻ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ይሄ ጎማ ይበልጣታል” አለች። ቀጥላም የጎማውን ጎን በሁለት እጇ ለጠጥ አደረገችው። ከሚያብረቀርቀው ጥቁረት ስር የደረቀ ተረከዝ የመሰለ ስንጥቅ በስንጥቅ ሆኖ ታየ። ላስቲክ ተቀምጦም እንደሚደርቅ፣ ሙቀት ደግሞ እንደሚያፋጥነው፣ ናፍጣው ማሳመሩን ትቶ ሲበላው እንደኖረ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጎማ አምስት ስድስት ዓመት ካለፈው በየጊዜው ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ ዐሥር ከሞላው ግን ጥርሱ ቢያምርም ይጣላል አለች።

ጋሼ መጋዘን ደማቸው ፈላ። “ጎማ ወተት ነው እንዴ የሚበላሸው?”

“ወተትማ ሲበላሽ ይሸታል፤ ማንም ያውቅበታል። ጎማ አይሸትም አባባ፤ ክፋቱ እሱ ነው።”

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኚሁ ሰው በሥራ ዘመናቸው፣ አንድ መኪና ሙሉ የታሸገ ምግብ ቀኑ በአራት ቀን አልፏል ብለው ከመጋዘኑ በር የመለሱ ናቸው። አለቃ ቢለምናቸው፣ ሻጭ ቢያለቅስባቸው ንቅንቅ አላሉም። በሰው ዕቃ ላይ ቀን መቁጠር የሚያውቁ ሰው በገዛ ዕቃቸው ላይ መቁጠር አቃታቸው። ዐሥራ አራት ዓመት ያዛወሩት፣ የወለወሉት፣ የሳሱለት ንብረት ቆሻሻ ነው ሲባሉ ዕድሜያቸውን የሰደቡባቸው መሰላቸው። ደግሞም ለልጃቸው ሰጥተውታል፤ የሰጡትን ምን ብለው ይመልሱ?

ጎሚስታዋ የራሷን ለመሸጥ ብላ እንደሆነ ተናገሯት። ሴትየዋ አልተቆጣችም። ከእኔ ባይሆን ከፈለጉበት ይግዙ አለቻቸው፤ ብቻ ልኩንና የሚሸከመውን ክብደት አስተያይተው፣ የተሠራበትን ቀን ራሳቸው አንብበው፣ አራቱንም አንድ ዓይነት አድርገው እንዲገዙ መከረቻቸው። ሁለት ብቻ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ፣ ብዙ ሰው ወደ ፊት ያደርገዋል እንጂ፣ አዲሶቹ ወደ ኋላ ቢገጠሙ መኪናዋ እንዳትዞር ይረዳል አለች። በመጨረሻም ጎማዎቹን መልሳ መኪናዋ ላይ ጫነችላቸው።

“እኔ ግን እነዚህን አልገጥምም። የማን ልጅ እንደምትነዳበት አላውቅም፤ ባውቅም አልገጥምም።”

ጋሼ አመሰግናለሁ እንኳን ሳይሏት ነዱ። ከከተማው መውጫ አካባቢ በሸራ ጥላ ስር የሚሠራ አንድ ሌላ ጎሚስታ አለ። ያ ሰው ምንም አይጠይቅም፤ ግጠም ካሉት ይገጥማል፣ ፍታ ካሉት ይፈታል። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራቱም ጎማዎች ቦታቸውን ያዙ።

ልጅቱ ከሥራ ስትመለስ መኪናዋን ዞራ ዞራ አየቻት። ደስታዋን ያየ ሰው አዲስ መኪና የገዛች ይመስለው ነበር። ከዚያ ወደ አባቷ ዘወር አለች።

“ጎሚስታዋ ምን አለች አባዬ?”

ጋሼ መጋዘን የሰጡትን መልስ አስቀድመው አላሰቡትም ነበር። መንገድ ላይ ሲመጡ ያሰቡት ሴትየዋ ትንሽ ቅር እንዳላት ነግረው በሳቅ ለማለፍ ነበር። የልጃቸው ፊት ሲያበራ ግን ምላሳቸው ቀደማቸው። “አመሰገነቻቸው። እንዲህ ያለ ጎማ ዛሬ አይገኝም አለች።”

በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመን አንዲት ብሎን እንኳን አጉድለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ስለ ዕቃ የተናገሩት ቃል እንደ ማኅተም የሚታይ ነበር። ስለዚህ ልጅቱ ሁለተኛ አልጠየቀችም። እሳቸው ግን የዚያን ዕለት ራታቸው አልበላ አላቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት በሥጋት አለፈ። ልጃቸው እስክትመለስ ድረስ በር በሩን ያዩ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት በሰላም ሲያልቅ ደፈር አሉ። በሦስተኛው ሳምንት “ያቺ ሴት ስታስፈራራኝ ነበር” ማለት ጀመሩ፤ ለራሳቸው እንጂ ለሌላ ሰው አይደለም። መኪናዋ በከተማው ውስጥና በጤና ጣቢያው መንገድ ላይ በዝግታ ስትመላለስ ነውና የከረመችው፣ ጎማዎቹም ዝም አሉ።

አንድ ረፍት ቀኗ ላይ ልጅቱ አባቷን ርቃ ወደምትኖረው እኅታቸው ልትወስዳቸው ተነሣች። የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ፀሐዩ ገና ከረፋዱ አስፋልቱን አግሎታል። ከከተማ ወጥተው ሜዳማው መንገድ ላይ ሲደርሱ ልጅቱ ፍጥነት ጨመረች። ጋሼ መጋዘን ልባቸው ሞላ።

“ሰማሽ? ድምፅ እንኳን የላቸውም። የድሮ ዕቃ!” አሉ።

ልጅቱ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ከኋላ በኩል አንድ ነገር አስፋልቱን በጥፊ የሚመታ ይመስል ጠፍ ጠፍ ጠፍ አለ። “ምንድነው?” ለማለት እንኳን ጊዜ አልነበረም። የግራው የኋላ ጎማ ላዩ ተልጦ በረረና ጧ ብሎ ፈነዳ። መኪናዋ ቂጧን አዞረች። ልጅቱ መሪውን ጨብጣ ታገለች፤ ዓለም አንድ ጊዜ ዞረ፤ ከመንገዱ ወጥተው የቦዩን ግንብ መቱና መኪናዋ በግራ ጎኗ ተጋደመች።

ከዚያ ፀጥ አለ። ጋሼ መጋዘን የመኪናዋ ቀበቶ ይዟቸው ከላይ ተንጠልጥለዋል። ወገባቸው ላይ ያለው ቁልፍ ቁልቁል እየተወዛወዘ ይንቃጨላል። ቁልቁል ሲያዩ ልጃቸው ከስራቸው ናት፤ ግራ እጇ በተሰበረው መስኮት ወጥቶ በበሩና በግንቡ መካከል ተይዟል። ደም አዩ።

“አባዬ፣ አንገትህን እንዳታንቀሳቅስ” አለች ልጅቱ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ድምፅዋ ግን የሥራ ድምፅዋ ነው። “ያመሃል? እግርህ ይሰማሃል?”

እግራቸው ይሰማቸዋል። እጃቸውም፣ አንገታቸውም ደህና ነው። ሰዎች ሮጠው ደርሰው መኪናዋን አንሥተው ሁለቱንም ሲያወጧቸው፣ ጋሼ መጋዘን በቁማቸው ራሳቸውን ዳበሱ። አንዲት ጭረት እንኳን አልነካቻቸውም። ከዚያ ሁሉ ድንጋጤ ይልቅ የባሰባቸው ይህ ነበር። አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብለው ጤነኛ እጆቻቸውን እያገላበጡ አዩ።

ሆስፒታል ውስጥ ለልጅቱ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አጥንቱ ይገጥማል፤ ችግሩ ሌላ ነው አለ ሐኪሙ። ወደ ጣቶቿ የሚሄደው ነርቭ ክፉኛ ተጎድቷል። ሁለቱ ጣቶቿ መልሰው እንደሚታጠፉ ሊያረጋግጥላት አልቻለም። እሷም እንደ ባለሙያ የሚለውን ሁሉ አዳመጠች። ሐኪሙ ከወጣ በኋላ ግን “ሕፃን የሚያዝበት እጄ እኮ ነው” አለች፤ ለማንም አይደለም፣ ለጣሪያው። እናቷ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ አለቀሱ።

በሦስተኛው ቀን አንድ የትራፊክ ፖሊስ መጣ። ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። በአንድ እጁ ደብተር፣ በሌላው በፌስታል የተያዘ የጎማ ቁራሽ ይዟል። ቁራሹን አውጥቶ ሲያሳያቸው የላስቲክ ጢሙ አሁንም አለ፤ አዲስ ይመስላል። ፖሊሱ ጠርዙን በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። እሱም በሥራው እንዲህ ያለ አይቶ እንደማያውቅ፣ ሰው አምኖት የሚገጥመው ጎማ ውስጡ እንዲህ ሆኖ ሲገኝ እንዳስደነገጠው ተናገረ። ይህን የገጠመ ሰው በሌላ ሰው ላይ እንዳይደግመው መጠየቅ ይኖርበታል አለ።

“ማን እንደገጠመላችሁ ታስታውሻለሽ?”

“መስቀለኛው መንገድ ጋ ያለችው ጎሚስታ ናት” አለች ልጅቱ። “እሷ አይታቸው ነበር። ደህና ናቸው ብላ አመስግናቸዋለች። አባዬ ነው የወሰዳቸው።”

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ጋሼ መጋዘን መስኮቱ አጠገብ ኩባያ ውሃ ይዘው ቆመዋል። የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማቸዋል። ያቺ ጎማዎቹን መልሳ የጫነችላቸው ሴት፣ የማን ልጅ እንደምትነዳበት አላውቅም ያለቻቸው ሴት ስሟ በዚያ ደብተር ላይ በወንጀል ሊሰፍር ነው። እውነቱን ከተናገሩ ግን ልጃቸው ትሰማለች። ኩባያውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡ።

“ልጄ፣ አትጻፍ” አሉት ፖሊሱን። “የጻፍከውን ሰርዝ። እሷ አልገጠመችም። አሮጌ ነው፣ ይጣላል፣ አልገጥምም ብላ ቁጥሩን በጠመኔ አድምቃ አሳይታኛለች። ሌላ ሰው ጋ ወስጄ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። አመሰገነቻቸው ብዬ ለልጄ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።”

ባለቤታቸው “ምን?” አሉ። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አንሥቶ አንድ ጊዜ ወደ ሽማግሌው፣ አንድ ጊዜ ወደ አልጋው አየ። ልጅቱ አባቷን ተመለከተቻቸው። ንዴት አልነበረም፤ የማታውቀው ሰው ድንገት ክፍሏ የገባባት ያህል ነበር የምታያቸው።

“ታውቅ ነበር?” አለች።

“አላመንኳትም ልጄ። እኔም እኮ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። ሴትየዋን ሳይሆን ጎማዎቹን አመንኩ።”

“እኔ ደግሞ አንተን አመንኩ” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፖሊሱ የሚሉትን ሁሉ መዝግቦ አስፈረማቸው። ጋሼ መጋዘን በዕድሜያቸው የፈረሙት ፊርማ ቁጥር የለውም፤ የዚያን ቀኑን ያህል የከበዳቸው ግን አልነበረም።

መኪናዋ ተጎትታ ግቢያቸው ገባች። ከአራቱ ጎማዎች ሦስቱ ምንም አልሆኑም፤ አቧራውን ላራገፈላቸው ሰው አሁንም አዲስ ናቸው። አንድ ጠዋት ጎረቤታቸው የሆነ አንድ ባለ ታክሲ እግዜር ይማራት ሊል መጣ። ሲወጣ ዓይኑ ጎማዎቹ ላይ አረፈ። ትንሽ አመነታና ተናገረ። አንዱ ጎማ የራሱ እክል ኖሮበት ይሆናል እንጂ ሦስቱ ደህና ናቸው፤ ደግሞም እሱ ከከተማ አይወጣም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ከሚጣሉ ቢሰጡት እንደ ውለታ ይቆጥረዋል።

ከባለ ታክሲው አፍ የሚወጣው ቃል የጋሼ መጋዘን የራሳቸው ቃል ነበር። ወደ ጓዳ ገቡና ጎማ ማውለቂያ ብረት፣ ስለታም ካራና አንድ የቆየ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ይዘው ወጡ። ሦስቱንም ጎማዎች እያላባቸው ከብረቱ ቸርኬ አላቀቁ። ከዚያ የመጀመሪያውን አጋድመው ጎኑን በካራ ተለተሉት። ባለ ታክሲው “ኧረ ጋሼ” ብሎ እጃቸውን ሊይዝ ቃጣው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ሰነጠቁ፤ ለማንም፣ ለምንም እንዳይሆኑ አድርገው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ቅጹን ሞሉ። በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ዕቃ ሲወገድ ምክንያቱ ይጻፋል፤ ምስክርም ይፈርማል። የዕቃው ጉድለት በሚለው ቦታ “ዕድሜው አልፏል” ብለው ጻፉ። ከስሩ ቅጹ የማይጠይቀውን አንድ መስመር ጨመሩ፤ “የጠባቂው ጉድለት፦ እየተነገረው አልሰማም፤ የተነገረውንም ደበቀ።”

“በል በምስክርነት ፈርም” አሉት ባለ ታክሲውን፣ የጎማው ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ እያሳዩት።

ሰውዬው ፈረመ። ከሰዓት በኋላ ታክሲው ስር ተንበርክኮ በጨርቅ የጎማውን ጎን ሲጠርግ ታየ። የአንዱን ቁጥር ሲያነብ ደንግጦ ቁጭ አለ፤ ከገዛው ሁለት ወር ያልሞላው “አዲስ” ጎማ የዘጠኝ ዓመት ሆኖ ተገኘ። የዚያን ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ መኪና ያለው ሁሉ በየደጃፉ ሲያጎነብስ ከረመ። ጎማ በጥርሱ ብቻ አይመዘንም፤ ልደቱ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡ። ያላወቃችሁትን ባለሙያ ሲነግራችሁ ስሙ። ሰምታችሁ ባታምኑ እንኳን፣ በዚያ ጎማ ላይ ከሚሄደው ሰው አትደብቁ።

ስድስት ወር አለፈ። የልጅቱ ሦስት ጣቶች ይታጠፋሉ፤ ሁለቱ እንደ ፈሩት ቀሩ። ማዋለጃ ክፍል መግባቷ ቀረና ነፍሰ ጡር እናቶችን የምታስተምርበት ክፍል ተሰጣት። አባቷን ሰላም ትላለች፤ አብራቸው ትበላለች። እሳቸውም ይቅር በይኝ እያሉ አያስቸግሯትም። መኪናዋ ተጠግና ስትወጣ ሁለቱም አንድ ቀን ወደ መስቀለኛው መንገድ ሄዱ።

ጋሼ መጋዘን ጎሚስታዋ ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ይቅርታ ሲጠይቋት ሴትየዋ ቀልድ ፈልጋ አጣች፤ የልጅቱን እጅ አይታ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለየትኛው መንገድ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚሳፈር ጠየቀቻቸውና ልኩን አስተያይታ አራት ጎማ አውርዳ መሬት ላይ ደረደረች። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያው ላይ ጎንበስ አሉ።

“ይሄ አራት ወሩ ነው” አሉ። “ጥሩ ነው።”

“ቆይ አባዬ” አለች ልጅቱ። “ራሴ ልየው።”

በጉልበቷ ተንበረከከች። በደህናው እጇ ጎማውን ይዛ፣ በማይታጠፉት ጣቶቿ አቧራውን ጠረግ ጠረግ አድርጋ ቁጥሩን አነበበች። ወደ ሁለተኛው ሄደች፤ ያንንም አነበበች። ቃላቸው ማኅተም የነበረው ሰው ከኋላዋ ቆመው አዩዋት። ጎሚስታዋ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ጋሼ መጋዘን ግን አልተቀየሙም። ቀድመዋት ሄዱና ሦስተኛውንና አራተኛውን ጎማ አንከባለው፣ ቁጥሩ ወደ እሷ እንዲሆን አስተካክለው አስቀመጡላት።